ታሪክ የሚመረምር ሰው ርእሱን ማጥበብ እንዲገባው

በዚህ ዘመን በከተሞቻችን ካሉት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ታሪክ የሚማሩ ልጆች ብዙዎች ናቸው። መምህሮቻቸውም ዕውቀታቸውን ለመመዘን ሲሹ በቃል መጠየቅ ብቻ አይበቃቸውምና፥ አንድ ነገር መርምራችሁ በጽሑፍ አቅርቡ ብለው ያዟቸዋል። ይህ ትእዛዝ መልካም ነው። ነገር ግን ልጆቹ ምን እንመርምር ባሉ ጊዜ የሚገጥማቸው የመጀመሪያው ፈተና ከመጻሕፍት ማነስ ወይም ከመጻፍ ድካም የመጣ አይደለም፤ ከርእሱ ስፋት ነው። ሁሉም ትልቅ ነገር ይሻል። አንዱ የኢትዮጵያን ታሪክ ከአክሱም እስከ ዛሬ፥ ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ በሙሉ፥ ሦስተኛው የነገሥታቱን ጦርነት ሁሉ እጽፋለሁ ይላል። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ አገርን ከመውደድ የመጣ ነውና። ዳሩ ግን አባቶቻችን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም እንዳሉ፥ ሁሉን ልያዝ ያለ ተማሪ በመጨረሻው ቀን በእጁ የሚገኘው ከሌሎች ሰዎች መጻሕፍት የተለቃቀመ ጥቂት ቃል ብቻ ይሆናል።

እኔ ራሴ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ታሪክ የማስተምር ሰው አይደለሁም። ያደግሁት በጎጃም ቅኔ ቤት ነው፤ ደበሎ ለብሼ፥ ኮቸሮ ለምኜ፥ ከየኔታ እግር ሥር ግስ ስገስስ ሌሊቱ ይነጋ ነበር። ሆኖም ስለ መጠን የማውቀውን ነገር ያስተማረኝ ያ ቤት ስለ ሆነ፥ ለታሪክ ተማሪዎችም ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ጥቂት ለመናገር ደፈርሁ።

የቅኔ ተማሪ በገባ ቀን መወድስ ቍጠር አይባልም። መጀመሪያ የሚሰጠው ጉባኤ ቃና ነው፤ እርሱም 2 ቤት ብቻ ነው። ይህን ሲያቀና ወደ ዘአምላኪየ ይወጣል፤ 3 ቤት ነው። ወደ ዋዜማ ይሻገራል፤ 5 ቤት ነው። እንዲህ እያለ ከመወድስ ሲደርስ 8 ቤት ይሸከማል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነውና ቀላል ነው የሚል ሰው ቢኖር ቆጥሮ ይሞክረው። ቦታው ጠባብ ስለ ሆነ አንድ ቃል ስንኳ በከንቱ ሊቀመጥበት አይችልም፤ በስምንት ቤት ውስጥ የሚሸሸግ ስሕተት በሁለት ቤት ውስጥ መሸሸጊያ ያጣል። ደግሞም ቅኔ ስለ ዓለም ሁሉ አይቆጠርም። የዕለቱ በዓል አለ፥ አንድ ሰም አለ፥ አንድ ወርቅ አለ። ሰሙን ከሦስት ታሪክ አምጥቶ የቀላቀለ ተማሪ ወርቁ ይጠፋበታል፤ የኔታም ቅኔው ፈረሰ ብለው ይመልሱታል። በትርጓሜ ቤትም ሥርዓቱ እንዲሁ ነው፤ መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል ይዞ አንድም እያለ ያራቅቀዋል እንጂ መጽሐፉን ሁሉ ባንድ ቀን አይተረጕመውም። እንግዲህ ማጥበብ ከድካም ወይም ከስንፍና የመጣ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የቀደሙት ሊቃውንት ዕውቀትን የጠበቁበት አጥር ነው።

ይህን ሐሳብ በጽሑፍ እንዳወጣው ያነሣሣኝ አንድ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር ፊቱ ጠቍሮ ወደ ቤቴ መጣ።

«የኔታ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አነበብሁ። ነገር ግን የምጽፈው ሁሉ ሌላ ሰው አስቀድሞ የጻፈው ሆነብኝ፤ የኔ የምለው አንድ ቃል አጣሁ» አለኝ።

«ርእስህ ምንድር ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ከጥንት እስከ ዛሬ በኢትዮጵያ የደረሰ ረኃብ ሁሉ» አለኝ።

«ስንት ገጽ ጻፍ ተባልህ? ጊዜስ ስንት ተሰጠህ?»

«20 ገጽ፤ እስከ መጋቢት መጨረሻ።»

እኔም ወረቀት አምጣና እናስላው አልሁት። ከአክሱም ዘመን እስከ ዛሬ ያለውን ሁለት ሺህ ዓመት ብለን ብንይዘው፥ ለ20 ገጽ ሲካፈል ለአንድ ገጽ 100 ዓመት ይደርሰዋል። አባቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ያ ታላቅ ረኃብ አምስት ዓመት ያህል የቆየ ነው፤ በዚህ ስሌት የሚደርሰው የአንድ ገጽ ሃያኛ እጅ፥ ማለት ሁለት መስመር ብቻ ነው። ልጁ ስሌቱን አይቶ ዝም አለ። በሁለት መስመር የሚነገረውም ነገር ቢኖር ብዙ ሰው አለቀ የሚል ብቻ ነው፤ ይህነን ደግሞ ማንም ሳይማር ያውቀዋል።

ከዚህ በኋላ ርእሱን አራት ጊዜ አጠበብነው። አንባቢዎቼ አካሄዱን ቢያዩት ስለ ሌላም ርእስ ይጠቅማቸዋልና በየተራው እነግራቸዋለሁ።

መጀመሪያ በጊዜ አጠበብነው። ልጁ የ1966ቱን የወሎ ረኃብ ከመጻሕፍት፥ የ1977ቱን ደግሞ ከአባቱ አፍ ሰምቷል። ነገር ግን ልቡ ያዘነበለው ወደ ክፉ ቀን ነበር፤ በእናቱ ወገን ያሉ ሽማግሌዎች ይህን ስም ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉ ከልጅነቱ ጀምሮ አስተውሎ ነበርና። ስለዚህ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ዘመን ያዝን።

ሁለተኛ በነገር አጠበብነው። አምስት ዓመት ጠባብ ይመስላል፤ ነገር ግን እነዚያ አምስት ዓመታት ራሳቸው ባሕር ናቸው። የኢጣልያ ጦር በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ይዞ ነበር። ለጦሩ ስንቅ ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ጋር በሽታው ወደ አገራችን እንደ ገባ የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ። ከሰሜን ወደ ደቡብ እየወረደ ከመቶው ከብት 90 ያህሉን እንደ ፈጀም ይገመታል። በዚያው ላይ ዝናም አጠረ፥ አንበጣና ተምች ወረደ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 25 ቀን የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ ደፉ። አንድ ተማሪ ይህን ሁሉ በ20 ገጽ ልያዝ ቢል ተመልሶ ወደ መጀመሪያው መከራው ይወድቃል።

እኔም «ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንተ ራስህ ሊገባህ ያልቻለው ነገር ምንድር ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት አስቦ፥ «ከብቱ አለቀ ይላሉ፤ መሬቱ ግን አልጠፋም። ሰው መሬት እያለው ለምን በረኃብ አለቀ?» አለኝ። ይህ መልካም ጥያቄ ነበር። የደጋ ገበሬ የሚያርሰው በጥማድ በሬ ነው። ቀንበር፥ ሞፈርና ማረሻ ያለ በሬ እንጨትና ብረት ብቻ ናቸው። በጐተራው የዘር እህል ቢገኝ ስንኳ መሬቱን የሚገለብጥለት ከሌለ ዘሩ ለመብላት እንጂ ለመዝራት አይሆንም፤ ዘሩን የበላ ሰው ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት በልቷል። ስለዚህ ከረኃቡ ነገር ሁሉ የእርሻውን ነገር ብቻ ለየን።

ሦስተኛ በቦታ አጠበብነው። ስለ መላው ኢትዮጵያ እርሻ ይናገር ዘንድ አንድ ተማሪ በሦስት ወር ውስጥ አይችልም። የእናቱ ወገኖች ግን በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ በሚያስኬድ በአንድ ደብር ዙሪያ ከጥንት ጀምረው የኖሩ ናቸው። ያን ደብርና አካባቢውን ያዝ አልሁት።

አራተኛ ርእሱን ወደ ጥያቄ መለስነው። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። «የዚያ ደብር ገበሬዎች በክፉ ቀን» የሚል ርእስ ሰም ብቻ ነው፤ ወርቅ የለውም። ሰው በዚያ ርእስ ሥር ያገኘውን ሁሉ ይከምርበታል፤ መቼ እንደሚያበቃም አያውቅም። «በሬ ባለቀ ጊዜ የዚያ ደብር ገበሬዎች መሬታቸውን በምን አለሙት?» ቢል ግን የሚፈልገውን ያውቃል፤ የማይፈልገውንም ለመተው ድፍረት ያገኛል። ርእስ ስም ነው፤ ጥያቄ ግን መንገድ ነው።

በዚህ መካከል አንድ ነገር ተከሠተ። ያን የከብት በሽታ ገበሬዎቻችን ደስታ ብለው ይጠሩታል። ከብት ፈጅቶ አገር ያስለቀሰውን ነገር ደስታ ማለት ለቅኔ ሰው የሚያስደንቅ ነውና፥ ይህን ለልጁ በነገርሁት ጊዜ «እንግዲያስ ስለዚህ ስም ብቻ ልጻፍ፤ ከዚህ የበለጠ ጠባብ አይገኝም» አለኝ። እኔ ግን ከለከልሁት። ስሙን ማን አወጣው፥ በየትኛው ዓመት ተጠራበት፥ ከፍርሃት ነውን ወይስ ከምፀት፥ ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ምስክር በሦስት ወር ውስጥ ከየት ያገኛል? ጥያቄው በእውነት ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ውሃ የሌለው ጕድጓድ ነው። ጠባብ ጕድጓድ የሚቆፈር ከሥሩ ውሃ ስላለ ነው እንጂ ጠባብ ስለ ሆነ አይደለም። ስለዚህ ማጥበብ የሚገባን ምስክር እስካለበት ድረስ ነው።

ምስክሩም ከአንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን መከርሁት። የመጀመሪያው ምስክር የተጻፈው ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ በፈረንሳይኛ ተተርጕሞ በፓሪስ ከታተመ በኋላ፥ በአማርኛ በ1959 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በዚያ ዘመን ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቆፈሩ ይነገራል። የአፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስም መጽሐፍ በ1901 ዓ.ም. በሮማ ታትሟል። በኋላ ዘመን ደግሞ ሪቻርድ ፓንክረስት የውጭ አገር መንገደኞችን ደብዳቤና የአገራችንን ታሪክ አስተያይተው ስለዚሁ ረኃብ ጽፈዋል። እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት የሚሻ ሰው በ1936 ዓ.ም. ወደ ተቋቋመው ወደ ወመዘክር ወይም በ1955 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተው ወደ ኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ይሂድ። የውጭውን መጽሐፍ ሲያነብ ግን የዘመኑን ቍጥር ይጠንቀቅ። የአውሮፓ ሰው 1888 ሲል እስከ ጳጕሜን መጨረሻ ያለው በኛ 1880 ነው፤ ከመስከረም 1 ቀን ወዲህ ያለው 1881 ነው። ይህን ሳይለይ የሚጽፍ ተማሪ አንዱን መከር ሁለት ጊዜ ያሳጭዳል።

ሰው ሁሉ የሚደጋግመውንም ቍጥር ሳይመረምር እንዳይቀበል ነገርሁት። በክፉ ቀን የሕዝቡ ሲሶ አለቀ የሚል ነገር በብዙ ጽሑፍ ይገኛል። ይህ ግምት ነው፤ በአገራችን መላው ሕዝብ የተቆጠረው መጀመሪያ በ1976 ዓ.ም. ነውና፥ በ1880 ስንት ሰው እንደ ነበረ ቆጥሮ ያስቀመጠልን የለም። ግምትን ግምት ብሎ መጻፍ የታሪክ ጸሐፊ ቅንነት ነው። ርእሱ ጠባብ የሆነለት ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ቍጥር ለመመርመር ጊዜ ያገኛል፤ ርእሱ የሰፋበት ግን እየሮጠ ያልፈዋል።

ሁለተኛው ምስክር ያልተጻፈው ነው። የልጁ ቅድመ አያት በዚያ ደብር በሕይወት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና ይጠጋል። እሳቸውን ያሳደጓቸው አያታቸው ደግሞ በክፉ ቀን ጓል የሚከሰክሱ ልጃገረድ ነበሩ። እነሆ፥ በዚያ ዘመንና በዚህ ልጅ መካከል ያለው ሁለት አፍ ብቻ ነው። ልጁ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የኔ የምለው ቃል አጣሁ ይል ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ አይደለምን?

በጥር ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሄዶ፥ «እማማ፤ ስለ ክፉ ቀን ይንገሩኝ» አላቸው። እሳቸውም «እግዚአብሔር አይመልሰው፤ ምን ብለህ ታነሣዋለህ ልጄ» ብለው ዝም አሉ። ልጁ አዝኖ ተመለሰ። እኔም «ሰፊ ነገር ስለ ጠየቅሃቸው ነው። ያን ሁሉ ሐዘን ባንድ ጊዜ አውጡልኝ ማለትህ ነው እኮ። ጠባቧን ጠይቃቸው» አልሁት። በሁለተኛው ጊዜ፥ «እማማ፤ በሬው ሲያልቅ አያትዎ ቤት በምን ቆፈሩ?» ብሎ ጠየቃቸው። በዚህን ጊዜ አፋቸው ተከፈተ። የአያታቸው አባትና ሁለት ወንድሞቹ ጐን ለጐን ቆመው ከደጃፉ ጀምረው ወደ ላይ በዶማ ቆፈሩ፤ ልጅቱም ከኋላ እየተከተለች ጓሉን ትከሰክስ ነበር። ያዘጋጁት መሬት አንድ ቍና ገብስ ብቻ የሚዘራበት ነበር፤ ከዚያ በላይ ለመቆፈር ጕልበት አልነበራቸውም። ያ መሬት እስከ ዛሬ የዶማው ማሳ ተብሎ ይጠራል። «መቼ ነበር?» ቢላቸው፥ «በሉቃስ ነው ይሉ ነበር» አሉት።

ከዚህ ላይ የአባቶቻችን የዘመን ቍጥር ረዳን። ወንጌላውያኑ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ይመላለሳሉ። 1880 ዘመነ ዮሐንስ፥ 1881 ዘመነ ማቴዎስ፥ 1882 ዘመነ ማርቆስ፥ 1883 ዘመነ ሉቃስ፥ 1884 ተመልሶ ዘመነ ዮሐንስ ነው። እንግዲህ በክፉ ቀን ውስጥ ያለው ሉቃስ አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ ያች ልጅ ጓል የከሰከሰችበት ዓመት 1883 ይሆናል። ፊደል ካልቈጠሩ ከአንዲት ባልቴት አፍ በወጣ በአንድ ቃል የማሳው ዓመት ታወቀ። በሬው ማለቅ ከጀመረ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላም ያ ቤት ገና በዶማ ይቆፍር እንደ ነበር ልጁ ተረዳ፤ ይህም ከመጻሕፍት ያላገኘው ነገር ነው።

ነገር ግን አንድ ምስክር አይበቃም ብዬ ወደ ሌላ ቤት ሰደድሁት። በዚያ ያሉ ሽማግሌ፥ «የዶማው ማሳ የተባለው በዚያ ዶማና ማረሻ የሚሠራ ብረት ሠሪ ስለ ኖረ ነው» አሉት። ልጁ ደነገጠ፤ ሥራዬ ፈረሰ ብሎ መጣ። እኔ ግን ሥራህ ዛሬ ተጀመረ አልሁት። ሦስተኛ ምስክር ፈልግ ብዬ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ሰደድሁት። አስተዳዳሪውም ቅን ሰው ነበሩና ከዕቃ ቤት ወንጌሉን አውጥተው አሳዩት። በኅዳጉ ላይ በዐፄ ዮሐንስ ዘመነ መንግሥት፥ ማለት ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ የተጻፈ የርስት ስምምነት ይገኛል። በዚያ ጽሑፍ ወሰኑ የተነገረለት ያው መሬት የግራር ሥር ይባላል እንጂ የዶማው ማሳ አይባልም። እንግዲህ ስሙ ከዚያ ጽሑፍ በኋላ የወጣ ነው። ይህ የባልቴቲቱን ነገር ይደግፋል፤ ነገር ግን ብረት ሠሪው በኋላ መጥቶ ኖሮበት እንደ ሆነ የሽማግሌውንም ነገር ፈጽሞ አያፈርስም። ልጁም ሁለቱንም ቃል ጻፈ፤ ወደ የትኛው እንዳዘነበለና ስለ ምን እንዳዘነበለ ገለጠ። ጽሑፉ 19 ገጽ ሆኖ በጊዜው ቀረበ።

ቅድመ አያቱ ከትንሣኤ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት አረፉ። በቀብራቸው ላይ ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ «ስለ ክፉ ቀን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር» ሲል ሰማሁ። ያ ልጅ የመጀመሪያውን ርእሱን ይዞ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፥ በታኅሣሥና በመጋቢት መካከል ከአንድ መጽሐፍ ወደ ሌላው ሲገለብጥ ይቆይ ነበር፤ የሉቃስ ዓመትም ከእሳቸው ጋር ወደ መቃብር ይወርድ ነበር። በታሪክ ጥናት ትልቁ ኪሳራ የማርክ ማነስ አይደለም። መጽሐፉ ነገም ዓመትም በመደርደሪያው ላይ ይገኛል፤ የሽማግሌ ቃል ግን ቀን አይጠብቅም።

ምናልባት ከሊቃውንቱ ወይም ከከተማው ዓዋቂዎች፥ «የታላቅ አገር ታሪክ አንድ ቍና ገብስ በሚዘራበት ማሳ ይወሰናልን? እንዲህ ከሆነ ሰፊውን ታሪክ ማን ይጽፋል?» የሚል አይታጣም። ነገሩ የሚገባ ነው፤ መልሱ ግን ከዚያው ማሳ ይገኛል። ያች ልጅ ጓል የከሰከሰችው በሬ ስለ ጠፋ ነው። በሬው የጠፋው በምጽዋ በኩል በገባ በሽታ ነው። በሽታው የገባው የባሕር ማዶ ጦር ስንቅ ስለ ፈለገ ነው። ያው በሽታ ከኛ አገር አልፎ ወደ ደቡብ ሲወርድ፥ በ1889 ዓ.ም. ከአፍሪቃ ጫፍ እስከ ኬፕ ደርሷል፤ የከብት ጠባቂ ሕዝቦችን ሀብት በየመንገዱ አጥፍቷል። ሊቃውንት ክትባት አበጅተውለት፥ ከብዙ አገሮች ድካም በኋላ፥ በሽታው ከዓለም ፈጽሞ እንደ ጠፋ የተነገረው በ2003 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ያ ማሳ ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነ ተመልከቱ። በጠባብ በር የገባ ሰው ቤቱን ሁሉ ያያል፤ በቅጥሩ ዙሪያ የሚዞር ግን ግድግዳውን ብቻ ሲያይ ይመሻል። ሰፊውን ታሪክ የሚጽፍም ሰው እንዲህ ባሉ ትንንሽ ድንጋዮች ካልሆነ በቀር በምን ይገነባዋል? ዘጠና ተማሪዎች ዘጠና ደብር ቢመረምሩ፥ በሬ ባለቀ ጊዜ አገሩ እንዴት እንደ ተረፈ የሚነግረን ሰፊ መጽሐፍ ያን ጊዜ ይጻፋል።

ስለዚህ ታሪክ መርምሩ የተባላችሁ ልጆች፥ ርእሳችሁን ለመምህራችሁ ከማቅረባችሁ አስቀድሞ በአራት ሚዛን መዝኑት። አንደኛ፥ ርእሱን በአንድ ጥያቄ ልትጽፉት ትችላላችሁን? ጥያቄው «እና» እያለ ወደ ሦስትና ወደ አራት የሚረዝም ከሆነ ገና አልጠበበም። ሁለተኛ፥ በእግራችሁ ሄዳችሁ ወይም በዓይናችሁ አንብባችሁ የምትደርሱበት ምስክር ቢያንስ ከሁለት ወገን ይገኝለታልን? ሦስተኛ፥ የተሰጣችሁን ጊዜና ገጽ በነገሩ ላይ ስታካፍሉት ለእያንዳንዱ ነገር በቂ ይደርሰዋልን? አራተኛ፥ እናንተ ባትጽፉት የሚጠፋ ነገር አለበትን? አራተኛውን ብዙዎች አይጠይቁትም፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጠዋለሁ። ማንም ሊጽፈው ከሚችለው ትልቅ ርእስ ይልቅ፥ እናንተ ብቻ ልትጽፉት የምትችሉት ትንሽ ርእስ ይሻላል።

ለእናንተም ለአባቶቼና ለወንድሞቼ ካህናት አንድ ልመና አለኝ። በየደብሩ ዕቃ ቤት ያሉት ወንጌሎችና ድርሳናት በኅዳጋቸው ላይ የርስትን፥ የስጦታንና የእርቅን ነገር ይዘዋል። እኛ በቅዳሴና በማኅሌት ስንጠመድ ያን የኅዳግ ጽሑፍ የሚያነብበው ጥቂት ነው፤ እርጥበትና ምስጥ ግን ሁልጊዜ ያነብበዋል። አንድ ተማሪ ሰፊ ርእስ ይዞ ወደ ደጃችሁ ቢመጣ በትዕግሥት አጥብቡለት፤ ጠባብ ጥያቄ ይዞ ቢመጣ ግን እናንተው አጠገቡ ቆማችሁ መጽሐፉን በጥንቃቄ ግለጡለት። ከደብሩም ሽማግሌ ወይም ባልቴት ማን እንደ ቀረ ንገሩት፤ ሳይመሽም ስደዱት።